ስንት አካውንት ልክፈት?

በኢሜይል ደንበኛ መፈለግ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይጠይቀኛል። «ስንት አካውንት ልክፈት?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። በቀን ስንት መልስ አንብበህ፣ አስበህበት፣ በወጉ መመለስ ትችላለህ?

ጥያቄው ለብዙ ሰው አይጥመውም። ሁሉም የሚያሰላው የሚላከውን ነው። አንድ አካውንት በቀን 30 ቢልክ፣ አሥር አካውንት 300፣ ሃምሳ አካውንት 1,500 እያለ ያባዛል። ማባዛት ቀላል ነው። መልስ የሚጽፉት፣ ጥያቄ የሚያነሱት፣ «አሁን አይመቸኝም፣ ከሁለት ወር በኋላ ጻፍልኝ» የሚሉት ሰዎች ግን ሒሳቡ ውስጥ የሉም። እኔ ደግሞ ሥራው ያለው እነሱ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ውስጥ ከ@ በኋላ ስላለው ስም)፣ ስለ አካውንት ብዛትና ስለ ማሟሟቅ (አዲስ አካውንትን ቀስ በቀስ ለመላክ ስለማዘጋጀት) የማውቀውንም ከዚሁ ተነሥቼ ልጻፍ።

ኮልድ ኢሜይል ማለት ለማያውቃችሁ ሰው፣ ሳይጠይቃችሁ፣ ለሥራ ጉዳይ የምትጽፉት ደብዳቤ ነው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ትልቅ ድርጅት ውስጥ የሚያስገባው ዘመድም ሆነ ትውውቅ የሌለው ሰው፣ ጥሩ ነገር ይዞ ከመጣ በጥቂት መስመር ራሱን ማስተዋወቅ ይችላል። ለጀማሪ ከዚህ የሰፋ በር አላውቅም። ያለ ልክ የሚልኩ ሰዎች የሚያበሳጩኝም ለዚሁ ነው። በሩን የሚያዘጉት በሁላችንም ላይ ነው።

ቅሬታው የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1978 ጌሪ ተርክ የተባለ የዲጂታል ኢኪዩፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሰው፣ የድርጅቱን አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጥታችሁ እዩ የሚል መልእክት የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው መረብ በአርፓኔት ላይ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ላከ። ብዙዎች ተቆጡ። የመረቡ ኃላፊዎችም ሁለተኛ እንዳይደገም አሉ። ተርክ ግን መልእክቱ ሽያጭ እንዳስገኘለት ኋላ ላይ ተናግሯል። ሁለቱም እውነት ነው። ሰውን ያናድዳል፣ ይሸጣልም። ዛሬም ላኪው ሁሉ የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ታዲያ አንድ አካውንት ለምን አይበቃም?

በመጀመሪያ ዋናው ዶሜይን መጠበቅ ስላለበት ነው። የክፍያ ጥያቄ፣ ውል፣ የደንበኛ የይለፍ ቃል መቀየሪያ፣ ሁሉም የሚወጣው ከዋናው ዶሜይን ነው። ለማያውቋችሁ ሰዎች ስትጽፉ ከመካከላቸው «ስፓም ነው» (የማይፈለግ ኢሜይል ነው) የሚለውን ቁልፍ የሚጫን አይጠፋም። ያ ምልክት የሚያርፈው ዶሜይኑ ላይ ነው። የዶሜይኑ ስም ሲበላሽ ለነባር ደንበኛ የላካችሁት የክፍያ ጥያቄም ስፓም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለኮልድ ኢሜይል የተለየ ዶሜይን መግዛት ብልህነት ነው።

ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። ለድርጅቶች የሚሸጠው የጉግል አገልግሎት፣ ጉግል ወርክስፔስ፣ ለአንድ አካውንት በቀን እስከ 2,000 ኢሜይል ይፈቅዳል። ነፃው ጂሜይል 500 ነው። ይህን ቁጥር አይቶ «እንግዲህ እስከዚያ ድረስ መላክ እችላለሁ» የሚል ሰው አለ። ቁጥሩ ጣሪያ ነው፤ ለሥራው ልክ አይሆንም። አንድ ሰው ለማያውቃቸው 2,000 ሰዎች በቀን አይጽፍም። ስፓምን የሚለዩት የኢሜይል ማጣሪያዎችም ይህን ያውቃሉ። በዚህ ሥራ ላይ ያለን አብዛኞቻችን ከአንድ አካውንት በቀን ከ20 እስከ 40 ባለው ውስጥ እንቆያለን። በአንድ ዶሜይን ላይ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት አካውንት። እኔ ከ30 በላይ መሄድ አልወድም።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱን አልቀበለውም። ብዙ አካውንት የሚከፈተው ብዛቱን ለመደበቅ ሲሆን ነው። የስፓም ተከላካዮች ለዚህ ስም አላቸው፤ «ስኖውሹ ስፓም» ይሉታል። በበረዶ ላይ ለመራመድ የሚደረግ ሰፊ ጫማ ክብደቱን ስለሚበትን እግር አይሰምጥም። ስፓም ላኪውም ጭነቱን በብዙ ዶሜይንና በብዙ የአይፒ አድራሻ ላይ ይበትነዋል። አንዱም ብቻውን አይታይም። ከውጭ ላየው ሰው የእሱና የእናንተ አሠራር ሊመሳሰል ይችላል። እኔ ልዩነቱን የማየው በድምሩ ነው። የሁሉንም አካውንት ድምር ለተቀባዩ በግልጽ ብትነግሩት የምታፍሩ ከሆነ፣ የከፈታችሁት መደበቂያ ነው።

ወደ ዶሜይኑ ልግባ። ስሙ ከዋናው ጋር የሚቀራረብ ይሁን። አንድ ቃል መጨመር ወይም መጨረሻውን መለወጥ ይበቃል። ሰው አድራሻውን አሳሹ ላይ ቢጽፈው ወደ ዋናው ድረ ገጽ ይውሰደው። ባዶ ገጽ የሚያሳይ ዶሜይን ማጣሪያውንም ሰውንም ያስጠረጥራል። የሌላ ድርጅትን ስም የሚመስል ዶሜይን መግዛት ግን ማጭበርበር ነው። ስለ እሱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም።

ገዝቶ በማግስቱ መላክም አይሆንም። ስፓም ላኪዎች ዶሜይን ገዝተው፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አቃጥለው ስለሚጥሉት፣ አዲስ ዶሜይን በጠቅላላ ይጠረጠራል። ስፓምን የሚከታተለው ድርጅት ስፓምሃውስ አዲስ የታዩ ዶሜይኖችን ለ24 ሰዓት የሚመዘግብበት የራሱ ዝርዝር አለው። ሌሎች ማጣሪያዎችም ዕድሜን በየራሳቸው መንገድ ይመዝናሉ። እኔ ዶሜይን የምገዛው የሚያስፈልገኝ ከመሆኑ ከሳምንታት በፊት ነው። ድረ ገጹን አያይዛለሁ፣ መዝገቦቹን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ እተወዋለሁ።

መዝገቦቹ ያልኳቸው ብዙ ሰው «ቴክኒክ ነው» ብሎ የሚሸሻቸው ናቸው። ባይሸሻቸው ደስ ይለኛል። ነገርን ከሥሩ ብንይዘው አይከብዱም።

ኢሜይል የሚመላለስበት ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ያኔ በመረቡ ላይ የነበሩት ጥቂት ነበሩ፤ ይተማመኑም ነበር። ላኪው እውነት እሱ መሆኑን የሚያጣራ ነገር ደንቡ ውስጥ አልገባም። በፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጉትን የላኪ ስም እንደመጻፍ ነበር፤ ፖስተኛው አይጠይቅም። ኋላ የመጡት ሦስቱ ነገሮች፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ፣ ያንን ክፍተት ለመድፈን የመጡ ናቸው።

ኤስፒኤፍ በዲኤንኤስ፣ ማለትም የዶሜይኖች መረጃ በሚገኝበት የኢንተርኔት ማውጫ፣ ላይ የሚቀመጥ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። በዚህ ዶሜይን ስም ለመላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው ይላል። ሁለት ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። አንደኛው ለአንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ማስቀመጥ ነው። አዲስ አገልግሎት በተጀመረ ቁጥር የተሰጣቸውን መስመር ከአሮጌው ጎን ይለጥፋሉ። ሁለት ካለ ግን ሁለቱም አይሠሩም፤ ተቀባዩ ሰርቨር እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። በአንድ መስመር መጠቃለል አለባቸው። ሌላው መዝገቡን በብዙ አገልግሎቶች ማጨናነቅ ነው። ሲጣራ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚያስፈልገው ከሆነ ማጣራቱ ይከሽፋል።

ዲኪም ፊርማ ነው። የምትልኩበት ሰርቨር እያንዳንዱን ኢሜይል በምሥጢራዊ ቁልፍ ይፈርማል። ተቀባዩ ደግሞ በዲኤንኤስ ላይ ያስቀመጣችሁትን ይፋዊ ቁልፍ አውጥቶ ፊርማውን ያጣራል። መልእክቱ መንገድ ላይ ከተነካካ ፊርማው አይገጥምም። የቁልፉ ርዝመት ምርጫ ሲሰጣችሁ 2,048 ቢት የሚለውን ውሰዱ። ዲኪም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ተቀባዩ ኢሜይሉን ወደ ሌላ አድራሻው የሚያስተላልፍ ከሆነ ኤስፒኤፍ ብዙ ጊዜ ይሰበራል፤ ምክንያቱም አሁን የሚልከው ሌላ ሰርቨር ነው። ፊርማው ግን ይዘቱ እስካልተለወጠ ድረስ አብሮ ይሄዳል።

ዲማርክ ሁለቱን ያስተሳስራል። ተቀባዩ «ከ» በሚለው ቦታ የሚያየው ዶሜይንና ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ያረጋገጡት ዶሜይን አንድ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ካልሆነ ምን ይደረግ የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። «ኖን» ስትሉ ምንም አታድርጉ፣ ሪፖርት ብቻ ላኩልኝ ማለት ነው። «ኳራንቲን» ወደ ስፓም፣ «ሪጀክት» ደግሞ አትቀበሉ ነው። በኖን ጀምሩ፤ ሪፖርቱን ለጥቂት ሳምንት አንብቡ፤ ሁሉም ነገር ሲገጥም አጥብቁት። አብዛኛው ሰው ኖን ላይ እንዳስቀመጠው ይረሳዋል። አሳዛኝ ነው፤ ምክንያቱም በስማችሁ ሌላ ሰው እንዳይልክ የሚከለክለው ቀጣዩ ደረጃ ነው።

ይህ ቀድሞ የጠንቃቆች ሥራ ነበር። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ግዴታ አደረጉት። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ሦስቱንም ማሟላት አለበት። ለማስታወቂያ ኢሜይል በአንድ ጠቅታ መውጫ ማስቀመጥም ተጨምሮበታል። የስፓም ቅሬታ ደግሞ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ፣ ቢቻል ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆን። ማይክሮሶፍት ከሜይ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአውትሉክ ተመሳሳይ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። «እኔ 5,000 አልልክም፣ አይመለከተኝም» የሚለኝ ሰው አለ። 0.3 በመቶ ማለት ከ1,000 ሰው 3 ማለት ነው። 100 ኢሜይል ልካችሁ አንድ ሰው ብቻ ስፓም ቢላችሁ 1 በመቶ ደረሳችሁ። የትንሽ ላኪ ሒሳብ ከትልቁ ይልቅ ስስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። እነዚህ ሦስት መዝገቦች ማንነታችሁን ያረጋግጣሉ። ጥሩ ሰው መሆናችሁን አያረጋግጡም። ስፓም ላኪም ሦስቱንም አሟልቶ መላክ ይችላል፤ ያሟላልም። መዝገቡ የሚያደርገው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምስጋናም ሆነ ቅሬታ በእናንተ ስም እንዲመዘገብ ነው።

ማሟሟቅ የሚጀምረው እዚህ ነው። አዲስ አካውንት ታሪክ የለውም። ታሪክ የሌለው ላኪ በመጀመሪያው ቀን ለሃምሳ የማይተዋወቁ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ሲልክ ማጣሪያው የሚያስበው ግልጽ ነው። ስለዚህ ቀስ እያሉ ታሪክ መሥራት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን ጥቂት ኢሜይል፣ ቀጥሎ አሥር፣ ከዚያ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ሁለት ሳምንት አነስተኛው ነው፤ እኔ አንድ ወር እሰጠዋለሁ። ቁጥሩን በአንድ ጊዜ እጥፍ አድርጎ መዝለል የለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በሥራ ሰዓት፣ በመካከላቸው የደቂቃዎች ልዩነት እየተወ።

ይህን የሚሠሩ አውቶማቲክ አገልግሎቶች አሉ። አሠራራቸው ቀላል ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ደንበኞቻቸውን አካውንት አንድ ላይ ያገናኛሉ። አካውንቶቹ እርስ በርስ ይጻጻፋሉ። አንዱ የላከውን ሌላው ይከፍታል፣ ስፓም ውስጥ ከገባ ያወጣል፣ «ጠቃሚ» የሚል ምልክት ያደርግበታል፣ ትርጉም የሌለው መልስም ይልካል። ማንም ሰው አያነበውም። በሪፖርቱ ላይ «የአካውንትዎ ጤና 98 በመቶ» ዓይነት ቁጥር ይወጣል።

እኔ አልጠቀምባቸውም። የሚጠቀሙ ጓደኞች አሉኝ፤ አንዳንዶቹ ጥሩ ሠራተኞች ናቸው። ግን በዚህ አልስማማም። አንደኛ ነገር የኢሜይል ሰጪዎቹ ራሳቸው አይፈልጉትም። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አንድ የታወቀ አገልግሎት በጉግል ጥያቄ ምክንያት የማሟሟቅ ሥራውን አቁሟል። ግንኙነቱ የሚካሄደውም ኮልድ ኢሜይል በሚልኩ ሰዎች መካከል ብቻ ነው። ማጣሪያ ለመሥራት ለተቀመጠ መሐንዲስ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚጻጻፉ፣ ሁሉንም የሚከፍቱ፣ ሁሌም የሚመልሱ አካውንቶች ጎልተው ይታያሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህ አይደለም። ማሟሟቅ ማለት ሰዎች ከዚህ ላኪ መስማት ይፈልጋሉ ወይ የሚለውን መመለስ ነው። መልሱን በሐሰት ከሞላችሁት፣ እናንተም ራሳችሁ እውነተኛውን መልስ አታውቁትም። 98 በመቶ ጤናማ ነው የተባለ አካውንት እውነተኛ ሰው ፊት ሲቀርብ በሦስተኛው ቀን ይወድቃል። ላኪውም ምን እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

በእጅ ማሟሟቅ አሰልቺ ይመስላል። ሲሠሩት እንደዚያ አይደለም። አዲሱን አካውንት የእውነት ሥራ እሰጠዋለሁ። ከሥራ ባልደረቦች ጋር የምንጻጻፈውን፣ የስብሰባ ቀጠሮውን፣ ከነባር ደንበኞች ጋር ያለውን አጭር መልስ በእሱ በኩል አደርገዋለሁ። የምወዳቸው ጋዜጣዎች ላይ በእሱ እመዘገባለሁ፣ ጥያቄ ሲኖረኝ ለጸሐፊዎቻቸው እጽፋለሁ። ከዚህ ቀደም አብሬያቸው ለሠራኋቸው ሰዎች «አሁን በዚህ አድራሻ ነኝ፤ ሥራ እንዴት ይዟችኋል?» ብዬ እጽፋለሁ። አብዛኞቹ ይመልሳሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ራሳቸው ሥራ ያመጣሉ። ማሟሟቁ ሳያልቅ ደንበኛ ማግኘት ማንም የማይነግራችሁ ጥቅም ነው።

መላክ ሲጀመርም ይህ አይቆምም። የቀኑ ኢሜይል በሙሉ ኮልድ የሆነ አካውንት ጤናማ አይደለም። መልስ መጥቶ፣ መልሱ ተመልሶ፣ ንግግር ሲቀጥል ነው አካውንቱ የሰው አካውንት የሚሆነው። መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ ለዚህ ነው። በቀን አሥር መልስ በወጉ የሚይዝ ሰው፣ አሥር መልስ የሚያመጣ ያህል አካውንት ይበቃዋል። ከዚያ ያለፈው መልስ ሳያገኝ ይቀመጣል። ጽፎላችሁ መልስ ያጣ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ቁልፍ እንደሚጫን መገመት አያቅትም።

ስለ ዝርዝሩ ልናገር፤ ያለ እሱ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። የተገዛ የአድራሻ ዝርዝር አልነካም። በውስጡ የሞቱ አድራሻዎች አሉ። ለእነሱ ስትልኩ ተቀባዩ ሰርቨር 550 የሚል ቁጥር ይዞ ይመልሰዋል፤ አድራሻው የለም ማለት ነው። በ4 የሚጀምር ቁጥር ከሆነ ለጊዜው አልተቀበልኩም፣ ቆይታችሁ ሞክሩ ነው። በ5 የሚጀምረው ግን የመጨረሻ ነው፤ ያ አድራሻ ያኔውኑ ከዝርዝሩ ይውጣ። ከ100 ኢሜይል ከ2 በላይ የሚመለስ ከሆነ እኔ አቁሜ ዝርዝሩን አያለሁ። ሌላው የስፓም ወጥመድ ነው። ማንም ሰው የማይጠቀምበት፣ ያለ ፈቃድ የሚሰበስቡትን ለመያዝ ብቻ የተቀመጠ አድራሻ አለ። አንዳንዱም ድሮ የሰው የነበረ፣ ከተዘጋ በኋላ ወጥመድ የተደረገ ነው። የአድራሻ ማረጋገጫ መሣሪያዎች የሞቱትን ያወጣሉ። ወጥመዱን ሁሉ አያወጡም። ሁሉንም ኢሜይል ተቀበል ተብለው የተዘጋጁ ዶሜይኖች ላይም አድራሻው ይኑር አይኑር መሣሪያው ሊያውቅ አይችልም። ብቸኛው መፍትሔ እያንዳንዱን ሰው ለምን እንደምትጽፉለት አውቃችሁ መምረጥ ነው። ጊዜ ይፈጃል። በቀን 30 ብቻ ለሚልክ ሰው ግን ጊዜው አለ።

ኢሜይሉን ራሱን አጭርና ግልጽ አደርገዋለሁ። ምስል፣ አባሪ ፋይል፣ የተደረደረ ሊንክ የለም። መከፈቱን የሚቆጥረውን የማይታይ ምስልም አውጥቼዋለሁ። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. የሜይል ግላዊነት ጥበቃ ካመጣ ወዲህ ምስሎቹ ሰውየው ሳይከፍተውም ቀድመው ስለሚወርዱ ቁጥሩ የሚታመን አይደለም። መልስ መጣ ወይስ አልመጣም፣ ይህን ብቻ እቆጥራለሁ። ማጣሪያውን ለማታለል አንዱን ዓረፍተ ነገር በአምስት ዓይነት እየለዋወጡ የሚልኩ አሉ። ያን ሁሉ ድካም ለሰውየው አንድ የራሱ ዓረፍተ ነገር በመጻፍ ላይ ቢያውሉት እመርጣለሁ። መልስ ላልሰጠኝ ሰው ማስታወሻ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ልኬ እተዋለሁ። ዝም ያለ ሰው መልሱን ሰጥቷል።

ብዙ አካውንት ሲኖር ሰውን የሚጎዳ አንድ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ለአንደኛው አካውንት «እባክህ ሁለተኛ አትጻፍልኝ» ይላል። በሳምንቱ ከሌላው ዶሜይን፣ ከሌላው አካውንት፣ ያው መልእክት ይደርሰዋል። ላኪው በተንኮል ላይሆን ይችላል። ዝርዝሮቹ ስለማይነጋገሩ ነው። ተቀባዩ ግን የሚያየው እምቢ ብሎ ያልተሰማ ሰው ሆኖ ራሱን ነው። እኔም እንዲህ ዓይነት ኢሜይል ይደርሰኛል፤ ንዴቱን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አካውንት ሁለት ከሆነበት ቀን ጀምሮ የእምቢታ ዝርዝር አንድ ብቻ መሆን አለበት። ከመላኩ በፊት ሁሉም አካውንት እሱን ያያል። መልሶችም በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ። ሰባት ኢንቦክስ እየከፈተ የሚያይ ሰው አንዱን ይረሳል፤ የተረሳው ውስጥ ደግሞ ያ እምቢታ ይኖራል።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የአሜሪካው ካን ስፓም፣ የ2003 እ.ኤ.አ. ሕግ፣ የላኪው ትክክለኛ የፖስታ አድራሻ ኢሜይሉ ላይ እንዲኖር፣ ርዕሱ እንዳያታልል፣ አትላኩልኝ ያለ ሰውም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲወጣ ያዛል። የካናዳው ሕግ ጠበቅ ያለ ነው፤ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። በአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ የሰውን አድራሻ ለመያዝ ራሱ ሕጋዊ ምክንያት ይኑራችሁ ይላል። ተቀባዩ ያለበት አገር ሕግም ሊመለከታችሁ ይችላል። ከመጻፋችሁ በፊት አጣሩ።

አካውንት ሲታመም ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መልስ ይቀንሳል። ከዚያ የሚያውቃችሁ ሰው «ኢሜይልህን ስፓም ውስጥ አገኘሁት» ይላችኋል። የጉግል ፖስትማስተር ቱልስ በነፃ የዶሜይናችሁን የቅሬታ መጠን ያሳያል፤ የምትልኩት ትንሽ ከሆነ ግን ባዶ ገጽ ነው የምታዩት። ስለዚህ የራሳችሁን መመልከቻ ሥሩ። በተለያዩ ኢሜይል ሰጪዎች ዘንድ ጥቂት አድራሻ ክፈቱና የት እንደሚያርፍ እዩ። ችግር ካለ መላኩን አቁሙ። መዝገቦቹን፣ ዝርዝሩን፣ ጽሑፉን በየተራ መርምሩ። አካውንቱን ወደ መደበኛ ንግግር መልሱት፤ ከሳምንታት በኋላ ከትንሹ ጀምሩ። በዚህ ሥራ ውስጥ «ተቃጠለ፣ ሌላ ግዛ» የሚል ልማድ አለ። ዶሜይን ርካሽ ነውና በደርዘን ይገዛሉ። ዝርዝሩና ጽሑፉ ያው ከሆነ የሚቀጥለውም ይቃጠላል፤ ያንን ደጋግሜ አይቻለሁ። በየመካከሉ ያሉት ሰዎች ደግሞ የማይፈልጉትን እየተቀበሉ ነው።

የማይፈለግ አካውንት መዝጋትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔ መላኩን ባቆምኩበት ቀን አካውንቱን አላጠፋም። የሚመጣለት ኢሜይል ወደ ዋናው አድራሻ እንዲተላለፍ አደርጋለሁ፤ ኮልድ ኢሜይል ከወራት በኋላም መልስ ያመጣል። የእምቢታ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈውም እዚያው ይቆያል። ዶሜይኑን ደግሞ በየዓመቱ አድሳለሁ፣ ባልልክበትም። ምዝገባው ካለፈ ማንም ሊገዛው ይችላል። የገዛው ሰው በዚያው ስም መላክ ይችላል፤ ለእኔ ብለው የሚጽፉ ሰዎች መልስም እሱ ዘንድ ነው የሚደርሰው። የማልልክበት ዶሜይን ላይ ዲማርኩን ሪጀክት አደርገዋለሁ፣ ኤስፒኤፉም ማንም እንዳይልክ የሚል መስመር ብቻ ይቀመጥበታል። የእድሳቱን ቀን ከዋናው ዶሜይን ጋር አንድ ላይ እይዘዋለሁ፣ እንዳይረሳ።